ከምክሩ በፊት አጥሚቱ ይቅደም

  

በዚህ ወር ስለ ሰብር ብዙ ይነገራል። ረመዳን የሰብር ወር ነውና ተገቢ ነው። ዛሬ ግን ሰብርን ስለምንናገርበት መንገድ መጻፍ ወደድን። እኛ ኢማሞች ይህን ታላቅ ቃል ያለ ጊዜው ተናግረን ያዘነን ሰው የባሰ ያስጨነቅንበት ቀን አለና፣ በቅድሚያ የራሳችንን ጥፋት እንናገር።

ነገሩ የሆነው ገነተ ማርያም አካባቢ ነው። ገነተ ማርያም በላስታ ደጋ፣ ከላሊበላ ብዙም ሳትርቅ ትገኛለች፤ ስሟም ከዐለት ከተፈለፈለችው ቤተ ክርስቲያን የመጣ ነው። በዚያ አገር ሙስሊሙ በቁጥር ጥቂት ነው። ከክርስቲያን ጎረቤቱ ጋር ግን ገበያው አንድ፣ የውኃ መንገዱ አንድ፣ ለቅሶውም አንድ ነው።

ከሐምሌ 2013 ማብቂያ እስከ ታኅሣሥ 2014 ላሊበላና አካባቢው በጦርነቱ ከእጅ ወደ እጅ ሲገላበጥ ስልኩ ተቋርጦ፣ ባንኩ ተዘግቶ፣ መብራቱ ጠፍቶ ከረመ። ሰው ስለ ልጁና ስለ ወንድሙ ወሬ እንኳን ማግኘት አልቻለም። ብዙው መርዶ የደረሰው መንገዱ ከተከፈተ በኋላ ነው። መጋቢት 24 ቀን 2014 ረመዳን ሲገባ በብዙ ቤት ኢፍጣር የተቀረበው አንድ ሰው በጎደለበት ማዕድ ነበር።

ከእነዚያ ቤቶች ወደ አንዱ አራት ሆነን ለቅሶ ደረስን። ልጇ ከቤት እንደወጣ ያልተመለሰ እናት ነበረች፤ መርዶውን ከሰማች ሳምንት አልሞላትም። ገና ከመቀመጣችን ስለ ቀደር፣ ስለ ሰብር ምንዳ፣ ዋይታ ስለ መከልከሉ ያለውን ሁሉ ተራ በተራ ተናገርን። እሷ አንገቷን ደፍታ “እሺ፣ እሺ” አለች። ዱዓ አድርገን ስንወጣ የሚገባንን የፈጸምን መስሎን ነበር። ከዚያ ቀን ጀምሮ ግን በሯን ዘጋች።

በሩን ያስከፈተችው አንዲት ክርስቲያን ጎረቤቷ ናት፤ በአንድ ቅሬ የሚረዳዱ ሴቶች ናቸው። ጎረቤቲቱ ራሷ ዐቢይ ጾም ላይ ነበረች። መግሪብ ሲቃረብ የገብስ አጥሚት በማሰሮ ይዛ መጣች። ስለ ልጁ አንድም ነገር አልጠየቀችም። “ፍየሎቹ ውኃ ጠጥተዋል?” አለች፤ አልጠጡም ነበርና ወስዳ አጠጣቻቸው። በማግሥቱም መጣች፣ በሦስተኛውም ቀን መጣች። በአራተኛው ቀን እናትየዋ ሳትጠየቅ መናገር ጀመረች፤ ጎረቤቷም ሌሊቱ እስኪገፋ አዳመጠቻት።

ከወራት በኋላ ያችን እናት አገኘናት። “ሼኻችን፣ አይቀየሙኝ” አለችን። “ያን ቀን የነገራችሁኝ ሁሉ እውነት ነበር። እኔ ግን ያን ቀን መስሚያ ጆሮ አልነበረኝም።”

ይህ ንግግር ከብዙ ኪታብ የማይገኝ ትምህርት ሆነን። ያች ጎረቤት ማንም ሳያስተምራት ያደረገችው ነገር ዛሬ ስም ወጥቶለት፣ ሥርዓት ተበጅቶለት ለባለሙያዎች በሥልጠና ይሰጣል። የሥነ ልቦና የመጀመሪያ ርዳታ ይባላል። የዓለም ጤና ድርጅት ከሌሎች ሁለት ድርጅቶች ጋር ሆኖ እ.ኤ.አ. በ2011 ባወጣው መመሪያ ነገሩን በሦስት ቃል ጠቅልሎታል፦ ማየት፣ ማዳመጥ፣ ማገናኘት።

ማየት ማለት ከመናገር በፊት ቦታውን ማስተዋል ነው። እዚህ መቆም ያሰጋል ወይ? ከሁሉ አስቀድሞ ርዳታ የሚያስፈልገው ማን ነው? የቆሰለ አለ? ብቻውን የቀረ ሕፃን አለ? ሐምሌ 15 ቀን 2016 በጎፋ ዞን በደረሰው የመሬት ናዳ ከ200 በላይ ወገኖቻችን አልቀዋል። ከሟቾቹ ብዙዎቹ በመጀመሪያው ናዳ የተቀበሩትን ለማውጣት የሮጡ ጎረቤቶች ነበሩ፤ ሁለተኛው ናዳ መጥቶ እነሱንም ቀበራቸው። አላህ ይዘንላቸው። ርኅራኄ ማስተዋል ሲታከልበት ረጂውንም ተረጂውንም ያድናል።

ማዳመጥ ማለት ከሰውየው አጠገብ ተቀምጦ፣ የሚለውን ሳያቋርጡ፣ ዝም ካለም ዝምታውን ሳይሰለቹ መቆየት ነው። ማገናኘት ደግሞ ለሰውየው የጎደለውን ነገር ከሚገኝበት ጋር ማያያዝ ነው፤ ምግብ ይሁን፣ ብርድ ልብስ ይሁን፣ የጠፋ ዘመድ ይሁን፣ ሐኪም ይሁን። ጎረቤቲቱ ፍየሎቹን ውኃ ስታጠጣ ይህንኑ ነበር የምታደርገው።

የማይደረጉ ነገሮችም አሉ። ያዘነን ሰው “ምን ሆነ? ከመጀመሪያው ጀምረህ ንገረኝ” ብሎ ማስገደድ አይፈቀድም። ድሮ በአንዳንድ አገር አደጋ የደረሰባቸውን ሰዎች ወዲያው ሰብስቦ ያዩትን ሁሉ እንዲተርኩ ማድረግ ይጠቅማል ተብሎ ይታመን ነበር። የዓለም ጤና ድርጅት ማስረጃውን መርምሮ ያ አሠራር እንዳይቀጥል፣ በምትኩ የሥነ ልቦና የመጀመሪያ ርዳታ እንዲሰጥ መክሯል። እንዲሁም “ያንተስ ይሻላል፣ የእገሌ ባሰ” ማለት፣ የማይፈጽሙትን ተስፋ መስጠት፣ ገና በመርዶው ቀን ስብከት ማብዛት የተከለከሉ ናቸው። እኛ አራታችን በዚያች ቤት የፈጸምነው ይህን የመጨረሻውን ነበር።

“ይህ የፈረንጅ ትምህርት አይደለም ወይ?” የሚሉ ወንድሞች አሉ። ለእነሱ የጃዕፈርን (ረ.ዐ) ቤት እናስታውሳቸዋለን። ጃዕፈር ኢብን አቢ ጧሊብ ወደ አገራችን ወደ ሐበሻ ከተሰደዱት ሙስሊሞች ፊት ቆሞ ለነጃሺ የተናገረው ሰሐባ ነው። ባለቤቱ አስማ ቢንት ዑመይስም እዚሁ ምድር ላይ ኖራለች፤ ልጃቸው ዐብደላህ የተወለደው በሐበሻ ነው። ጃዕፈር ወደ መዲና ከተመለሰ በኋላ በ8ኛው ዓመተ ሒጅራ በሙእታ ዘመቻ ሸሂድ ሆነ።

መርዶውን ይዘው ወደ ቤቱ የሄዱት ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ራሳቸው ናቸው። ምን አደረጉ? ልጆቹን አስጠሩ፤ አቀፏቸው፤ አሸተቷቸው፤ ዓይናቸውም እንባ አቀረረ። አስማ ነገሩ ገባትና ጠየቀቻቸው፤ እውነቱን ነገሯት። ጮኸች። ከዚያም ወጥተው ለጃዕፈር ቤተሰብ ምግብ እንዲሠራ አዘዙ፤ ቤቱ በሐዘን ተይዟልና። ከቀናት በኋላ ተመልሰው ልጆቹን አዩ፤ እናታቸው ስለ የቲምነታቸው ስትጨነቅም እርሳቸው ዋቢ እንደሆኑላቸው ነገሯት። እውነቱን ሳይሸሽጉ ነገሩ፤ አብረው አነቡ፤ ምግብ አዘዙ፤ የነገ ጭንቀቷን የሚያቃልል ዋስ ሰጡ። ሁሉም በየተራው ነበር። ለቅሶ ቤት ምግብ ይዞ መሄድ ሱና የሆነው ከዚህ ነው።

እናታችን ዓኢሻም (ረ.ዐ) ቤተሰብ ሲሞት ሴቶቹ ተሰናብተው የቅርብ ሰው ብቻ ሲቀር ተልቢና ታስፈላ ነበር። ተልቢና በገብስ ዱቄት የሚሠራ ቀጭን አጥሚት ነው፤ የሐዘንተኛን ልብ እንደሚያሳርፍ ከነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) መስማቷን ተናግራለች። የላስታ ገብስ አብቃይ ሕዝብ ይህን ሲሰማ ፈገግ ማለቱ አይቀርም። ለሕፃንም ቢሆን ምሳሌው አለን። የአነስ (ረ.ዐ) ታናሽ ወንድም አቡ ዑመይር ይጫወትባት የነበረች ወፍ ሞታበት አዝኖ ሳለ፣ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) በቅጽል ስሙ ጠርተው ስለ ወፏ ጠየቁት። ያን ሁሉ ኡማ የሚመሩ ሰው የአንድ ሕፃን የወፍ ሐዘን አላነሰባቸውም።

ሌላው የምንሰማው ነገር “ማዘን የኢማን ማነስ ነው” የሚለው ነው። ይህ አባባል ብዙ ሰው አፍኗል። ነቢዩ ያዕቁብ (ዐ.ሰ) በዩሱፍ ናፍቆት አልቅሰው ዓይናቸው እንደጠፋ በቁርአን ተነግሮናል፤ በኢማናቸው የሚጠረጥር የለም። የሰብራቸው ውበትም ስሞታቸውን ወደ አላህ ማቅረባቸው ነው። ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) ልጃቸው ኢብራሂም ሲሞት አልቅሰዋል። ኸዲጃና አቡ ጧሊብ የሞቱበት ዓመት በታሪካችን የሐዘን ዓመት ተብሎ ይታወቃል። ሐዘንና ሰብር በአንድ ልብ ውስጥ አብረው ይኖራሉ።

አንዳንዱ ቁስል ግን በአጥሚትና በጎረቤት ብቻ አይሽርም። የዓለም ጤና ድርጅት ጥናቶችን አሰባስቦ እንደገለጸው በጦርነት በተጎዱ አካባቢዎች ከሚኖሩ 5 ሰዎች 1 ያህሉ የአእምሮ ጤና ችግር አለበት። ከአንዱ ቀላሉን፣ ከሌላው ጽኑውን ታገኛላችሁ። ሳምንታት አልፈው እንቅልፍና ምግብ እምቢ ያለው፣ ራሱንና ልጆቹን መንከባከብ ያቃተው፣ በቃኝ ስለ መሞት የሚናገር፣ ሌላ የማይሰማው ድምፅ የሚሰማ ሰው ካለ ወደ ጤና ተቋም መወሰድ አለበት። ራሴን አጠፋለሁ የሚል ካለ ደግሞ ብቻውን ሳይተው ዛሬውኑ ይወሰድ። ቁርአን ይቀራለት፣ ዱዓም ይደረግለት፤ ሐኪምም ይየው። ግመሉን አስሮ በአላህ መመካት የተማርነው ከነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) ነው። “ጂን ነው” ብሎ በሰንሰለት አስሮ ቤት ማስቀመጥ ግን ዲናችን አያውቀውም። የጥንት ሊቃውንቶቻችንም መንገድ ይህ አልነበረም። አቡ ዘይድ አል በልኺ ከ1 ሺህ ዓመት በፊት የሰውነትንና የነፍስን እንክብካቤ አንድ ላይ አድርጎ ሲጽፍ ሐዘንን፣ ፍርሃትን፣ ቁጣንና ውስዋስን መታከም ያለባቸው ሕመሞች አድርጎ አቅርቧል።

በዚህ ወር በተለይ አንድ ነገር አደራ እንላለን። የአእምሮ ሕክምና መድኃኒት የሚወስድ ሰው ለመጾም ብሎ በራሱ ፈቃድ አያቋርጥ። በዚህ ምክንያት ሕመማቸው ያገረሸ ሰዎች አጋጥመውናል። መጀመሪያ ሐኪሙን ያማክር። መድኃኒቱ በኢፍጣርና በሱሑር ሰዓት ሊወሰድ የሚችል ከሆነ ሐኪሙ ያስተካክልለታል። መጾም የሚጎዳው ከሆነ አላህ ለታማሚ ፈቃድ ሰጥቷል፤ ሲሻለው ቀዷ ያወጣል፣ የማይሻለው ከሆነም ፊድያ አለ። የጌታውን ፈቃድ የተቀበለ ሰው አላጠፋም።

ችግሩ ሐኪሙ የት ነው የሚለው ነው። በ1930 የተቋቋመው የአማኑኤል ሆስፒታል ለብዙ አሥርት ዓመታት የአገሪቱ ብቸኛ የአእምሮ ሕክምና ሆስፒታል ሆኖ ኖሯል። ከላስታ እዚያ ለመድረስ ከ600 ኪሎ ሜትር በላይ መጓዝ ይጠይቃል። ዛሬ ዩኒቨርሲቲዎቻችን የአእምሮ ሕክምና ባለሙያዎችን ያስመርቃሉ፤ በየሆስፒታሉም የአእምሮ ሕክምና ነርሶች ተመድበዋል፤ አልሐምዱሊላህ። ነገር ግን ቁጥራቸው ከሕዝቡ ጋር አይመጣጠንም። ከ2015 ወዲህም ክልላችን ሌላ ግጭት ውስጥ ገብቶ መንገዱ በተደጋጋሚ ተዘግቷል። በ2017 ታኅሣሥና ጥር ደግሞ በአዋሽ ፈንታሌ አካባቢ ምድር እየተንቀጠቀጠ፣ በአፋርና በኦሮሚያ በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ወገኖቻችን ከቤታቸው ወጥተዋል። መከራው ከሐኪሙ ቀድሞ ይደርሳል።

አንድ የአእምሮ ሕክምና ነርስ የነገረንን እዚህ ላይ እናንሳ። “ሼኽ፣ እኔ የተማርኩት በሽተኛው ወደ እኔ ሲመጣ መርምሮ መድኃኒት መስጠት ነው። በትምህርት ቤት ወለል ላይ የተኙ 40 ቤተሰቦች ሲያጋጥሙኝ ከየት እንደምጀምር አላወቅሁም ነበር። ሥልጠናውን ስወስድ ነው የገባኝ” አለን። ባለሙያው ራሱ ይህን ሥልጠና ይፈልጋል ማለት ነው። ደግሞም ባለሙያው የዚያው አገር ልጅ ነው፤ ቤቱ የተዘረፈ፣ ዘመዱ የሞተበት ሊሆን ይችላል። ሌላውን ሲያጽናና እሱን ማን ያጽናናው? ሥልጠናው ረጂዎች እርስ በርስ የሚጠያየቁበትን ጊዜም ሊያካትት ይገባል።

ስለዚህ ሐሳባችን ይህ ነው። በየሆስፒታሉ ያሉት የአእምሮ ሕክምና ባለሙያዎች አደጋ ሳይደርስ በፊት በዚህ ርዳታ ይሠልጥኑ፤ ከዚያም ከእነሱ ቀድመው ለቅሶ ቤት የሚደርሱትን ያሠልጥኑ። እነዚያ እነማን ናቸው? የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ናት፤ የመድረሳው ኡስታዝ ነው፤ የቅሬው መሪ ነው፤ ቄሱና እኛ ኢማሞች ነን። መሠረታዊው ትምህርት ዓመታት የሚፈጅ አይደለም። በሴራሊዮን ከኢቦላ ወረርሽኝ በኋላ ለጤና ሠራተኞች የአንድ ቀን ሥልጠና ተሰጥቶ ውጤቱ ተጠንቷል፤ ከወራት በኋላ ሲፈተኑ የሠለጠኑት ካልሠለጠኑት የተሻለ እውቀት ይዘው ተገኝተዋል።

የምንፈራው አንድ ነገር አለ፤ የሥልጠናውን ልማድ። ከተማ ሆቴል ውስጥ ሦስት ቀን ተቀምጦ፣ አበል ተቀብሎ፣ የምስክር ወረቀት አንጠልጥሎ መመለስ የለመድነው ነው። ወረቀቱ ግድግዳ ላይ ሲቀር ሐዘንተኛው እቤቱ ይቀራል። ሥልጠናው ከዐስር ሰላት በኋላ በመስጂዱ ግቢ፣ ወይም ቅሬው በሚሰበሰብበት ዛፍ ሥር ሊሰጥ ይችላል። ባለሙያውም በየወሩ እየተመለሰ “ማንን አያችሁ? ምን አስቸገራችሁ?” ብሎ ይጠይቅ። ያለዚህ የአንድ ቀን ትምህርት በአንድ ዓመት ይረሳል። እኛ ኢማሞችም ከዚያ ዛፍ ሥር በተማሪ ቦታ እንቀመጥ። ፊቅህና ተፍሲር ተምረናል፤ ያዘነን ሰው እንዴት ማዳመጥ እንደሚገባ ግን ያስተማረን የለም።

ከትምህርቱ ሁሉ ለእኛ የሚከብደው የአማና ጉዳይ ነው። በጦርነቱ ክብራቸው የተደፈረ እህቶች አሉን። ለባሏ ያልነገረችውን ለአንዲት ሴት የጤና ሠራተኛ ወይም ለሚስቶቻችን ልትናገር ትችላለች። የነገረችው ነገር ስሟ ባይጠራ እንኳን በዳዕዋችን ላይ በምሳሌነት ከተነሳ፣ በትንሽ መንደር ማን እንደሆነች ሁሉም ያውቃታል። ከዚያ በኋላ ሌላዋ አፏን አትከፍትም። ሴቶች በብዛት እንዲሠለጥኑ የምንሻው ለዚህ ነው። የሰማነውን ሚስጥር መጠበቅም የርዳታው ግማሽ መሆኑን ከወዲሁ እንወቅ።

በእያንዳንዱ ቤት ዛሬ ማታ የሚጀመር ነገርም አለ። ልጅ በሌሊት የሚባንን፣ ደንግጦ ከእናቱ ቀሚስ የማይለይ፣ ትልቅ ሆኖ ሳለ አልጋ ላይ መሽናት የጀመረ ከሆነ አትቆጡት፤ አታሳፍሩት። ያየውን ለእንግዳ እንዲተርክ አታድርጉት። ቀኑ መልክ እንዲኖረው አድርጉለት፦ መድረሳው በሰዓቱ፣ ጨዋታው ከእኩዮቹ ጋር፣ ኢፍጣር ላይ ቴምሩን የሚያድለው እሱ ይሁን። ቤታችሁ ውስጥ ዝም ያለ አባት ካለም በሰው ፊት “ምን ሆነሃል?” አትበሉት። ከተራዊሕ ስትመለሱ አብራችሁት በዝግታ ተራመዱ። መንገድ ላይ የሚወጣ ንግግር አለ።

ከሰደቃችሁም ለዚህ አስቡ። ለኢፍጣር ማዕድ እጃችን ይዘረጋል፤ መልካም ነው። አንዱን ታማሚ ከነአስታማሚው ሆስፒታል ለማድረስ የሚበቃ የትራንስፖርት ገንዘብ ግን ስንቱ ቤት አጥቶ ተቀምጧል? በየመስጂዱ አንድ ሣጥን ለዚህ ቢመደብ፣ ቅሬውም እንደ ቀብሩ ሁሉ ለዚህ ቢያዋጣ ብዙ ሰው ይደርስበታል።

ከዒድ ሰላት በኋላ ዘመድ መጠየቅ ልማዳችን ነው። ዘንድሮ የመጀመሪያው በር ሰው የጎደለበት ቤት ይሁን። ስትሄዱ የሚቀመስ ነገር ያዙ፤ ተቀመጡ፤ የሚታለብ ላም፣ የሚፈለጥ እንጨት ካለ እጃችሁን ስደዱ። “አብሽሩ” የሚለው የወሎ ቃል መልካም ዜናን የያዘ ነው፤ ጆሮ ሲገኝ በሉት። ያችን እናት ባለፈው ሻዕባን አግኝተናታል። ጎረቤቷ አሁንም ፍየሎቹን አብራት ታሰማራለች። እኛም ስለ ሰብር ልናወራላት አልሄድንም፤ ልጇ ምን ዓይነት ልጅ እንደነበር ጠየቅናት፤ እሷም ቡናው ሦስተኛ እስኪደርስ ነገረችን።

አላህ የሞቱትን ይማርልን፣ ያዘኑትን ያጽናልን፣ ለአገራችን ሰላም ያውርድልን፤ ጾማችንን ይቀበለን። አሚን።